ድሪቶና ላፔቴፔ፤ የቁራጭ ጨርቅ ታሪክ

በዚህ የ10ኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ እድራችንና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት በሌሎች ገጾች በሰፊው ተጽፏል። እኛ የሴቶች ክፍል አባላት ደግሞ እንድንጽፍ የተጠየቅነው በመሰብሰቢያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ብርድ ልብስ ነው። ስለ እሱ ብቻ ብንጽፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ቆረጥን፣ ሰፋን፣ ሰቀልን ብሎ መጨረስ ይቻላል። ሥራው ሲጀመር በመካከላችን የተነሣው ክርክር ግን ቀላል አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በአንድ ቃል ምክንያት ነው፤ ቃሉም «ድሪቶ» ነው።

ድሪቶ ምን እንደሆነ አገር ቤት ላደገ ሰው አይነገረውም። እዚህ ኦስሎ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ሲባል ግን እንጻፈው። ደረተ ማለት ጨርቅ በጨርቅ ላይ ጣፈ ማለት ነው። ልብስ ሲያልቅ ይጣፋል፤ የተጣፈውም ሲያልቅ በላዩ ሌላ እራፊ ይደረብበታል፤ በመጨረሻ የፊተኛው ጨርቅ የትኛው እንደነበር የማይለይ፣ ከቀድሞው እጥፍ የሚከብድ ነገር ይሆናል። ያ ድሪቶ ነው። ድሪቶ የለበሰ ሰው ድኻ ነው፤ ድኻ መሆኑም ከሩቅ ይታወቃል። በገበያ መካከል የተሰደበበት፣ በሰርግ ቤት ከበር የተመለሰበት ልብስ ስለሆነ ቃሉን ስንሰማ ፊታችን ይቋጠራል።

የስፌቱ ሐሳብ በቀረበበት ቀን አንዲት እናት ይህን አሉን፦ «እኛ ከአገር የወጣነው ልጆቻችን ድሪቶ እንዳይለብሱ ብለን ነው፤ አሁን ደግሞ ሰብሰብ ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ድሪቶ ልትሰፉ?» ሁላችንም ሳቅን፤ መልስ ግን ከአንዳችንም አልወጣም። ለመሆኑ እኛ ዘንድ የሚያሳፍረው ነገር እዚህ አገር ለልጅ ልጅ የሚወረስ ንብረት የሆነው እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን መጻሕፍት አገላበጥን፤ በ1894 ወደተመሠረተውና ቢግደይ ወደሚገኘው የኖርዌይ ሕዝብ ሙዚየምም ሄድን። ያገኘነውን ከዚህ በታች አቅርበናል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሸማችንም የተጋጠመ ነው

ከራሳችን እንጀምር። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሲሠራ፣ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀበላል። ስለዚህ የጨርቁን ስፋት የሚወስነው የሸማኔው ክንድ ነው። ጨርቁ ጠባብ ስለሚሆን ለሰው ትከሻ እንዲበቃ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጋጠማሉ። በእጅ የተሸመነ ጋቢ ያላችሁ ገልጣችሁ እዩት፤ መካከሉ ላይ የስፌት መስመር ታገኛላችሁ። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው፤ ቡሉኮ ከዚያም ይከብዳል። ክቡር የምንለው ልብሳችን ራሱ ተደራርቦና ተጋጥሞ የተሠራ መሆኑን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ከሽመናው በፊት ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እየተጨዋወቱ የሚሠራ ነበር። ወንዶቹ ለእርሻና ለአጨዳ ደቦ እንደሚወጡት ሁሉ ሴቶቹም ለፈትል ይሰባሰቡ ነበር። ሆኖም ማንም ሴት ድሪቶ ለመጣፍ ጎረቤት አትጠራም። ድሪቶ የሚጣፈው ለብቻ፣ ማታ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ሰው ሳያይ ነው። እኛ እንደሚመስለን ነውሩ የመጣው ከእራፊው ይልቅ ከዚህ ተደብቆ መሥራት ነው። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ የማይስማሙ እናቶች አሉ፤ እሳቸውም በሚቀጥለው እትም ይጻፉበት።

ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ደግሞ ለተጣፈ ልብስ ሌላ ትርጉም ሰጥተውት ነበር። በ1881 የተነሣው የመሐዲ ሠራዊት፣ እኛ «ደርቡሽ» የምንለው፣ መለያው የተጣፈ ጅባ ነበር። በመጀመሪያ በእርግጥም ባለቀ ልብስ ላይ የተሰፋ እራፊ ሲሆን የዚህን ዓለም ሀብት መናቅን ያመለክት ነበር። እየቆየ ግን ጥፉ ሥርዐት ያዘ፤ በአዲስ ጨርቅ ላይ፣ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር ቁራጭ ሆን ተብሎ ይሰፋበት ጀመር። ያ ሠራዊት በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ፤ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከእሱ ጋር ሲዋጉ ነው። ስለዚህ እኛ ያንን ልብስ እንድንወደው ማንም አይጠብቅብንም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስረዳል፤ አንድ ሕዝብ እራፊን ምልክቴ ነው ብሎ በአደባባይ ከለበሰው ያው ጨርቅ የኩራት ልብስ ይሆናል። ዛሬ ከእነዚያ ጅባዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝ አገር ሙዚየሞች ይገኛሉ።

ሕንድ ውስጥ «ሐበሺ» የሚባሉት

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመንና ረዘም አድርገን ልንጽፍበት የምንፈልገው ግን ከምዕራብ ሕንድ የተገኘው ታሪክ ነው። ስደትን የጀመርነው እኛ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል፤ ከእኛ በፊት በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት ተሸጠው፣ በዐረብ ነጋዴዎች ኋላም በፖርቱጋሎች መርከብ ባሕር የተሻገሩ ብዙ ነበሩ። በሕንድ አገር እነዚህ ሰዎች «ሲዲ» ወይም «ሐበሺ» ተባሉ። ሁለተኛው ስም የእኛው «ሐበሻ» ነው። ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው ማለት አይደለም፤ በተለይ በፖርቱጋሎች ወደ ጎዋ የተወሰዱት ብዙዎቹ ከሞዛምቢክ ጠረፍ ናቸው። ቢሆንም ከእኛ አገር የሄዱ መኖራቸውን የሚያስረግጥ የታወቀ ሰው አለ፤ እሱም ማሊክ አምባር ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ሕንድ ደረሰና በአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን ከፍ አለ። በ1610 ኺርኪ የተባለችውን ከተማ የቆረቆረው እሱ ነው፤ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስም የሞጉሎችን ሠራዊት ሲገታ ኖሯል።

የማሊክ አምባርን ስም የታሪክ መጻሕፍት ጠብቀውታል። ስማቸው ያልተጻፈው ሴቶችስ? ዛሬ በካርናታካ ክፍለ ሀገር፣ በምዕራብ ጋትስ ተራሮች ጫካ ዳር የሚኖሩ የሲዲ ሴቶች «ካዋንዲ» የሚባል ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ካዋንዲ ካረጀ ልብስ ቁራጭ የሚሠራ ነው፤ ለገበሩም ብዙ ጊዜ የሚሆነው አሮጌ ሳሪ ነው። አሠራሩ ከሌላው ዓለም የተለየ ነው። አሜሪካኖቹም ኖርዌጂያኖቹም ትንንሽ ካሬ ለየብቻ ሰፍተው ኋላ ይገጣጥማሉ። የሲዲ ሴት ግን ገበሩን መሬት ላይ ዘርግታ ከአንዱ ማዕዘን ትነሣለች፤ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ዙሪያውን እየዞረች፣ ቁራጩን እያስቀመጠችና በረጅም ወጣ ገባ ስፌት እያጣበቀች ወደ መካከል ትገሰግሳለች። ሥራው የሚያልቀው መሐል ላይ ስትደርስ ነው። በአራቱም ማዕዘን ላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ ጨርቅ ይሰፋበታል፤ ስሙ «ፉላ» ነው፤ አበባ ማለት ነው። ፉላ የሌለው ካዋንዲ እንደ ራቁት ይቆጠራል። ከሲዲዎቹ መካከል ክርስቲያኑ መስቀል፣ እስላሙ ጨረቃ ይሰፋበታል፤ ሂንዱዎችም አሉ፤ የስፌቱ ሥርዐት ግን አንድ ነው።

ሄንሪ ድሪዋል የተባሉ አሜሪካዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ምሁር ይህን ሥራ አጥንተው በመጽሐፍ አውጥተውታል፤ በ2004ም የሲዲ ሴቶች የስፌት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እነዚህ ሴቶች የሚሰፉት ለልጅ ልጆቻቸው እንጂ ለገበያ አልነበረም። ይህን ለእናቶቻችን ባነበብንላቸው ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ቋንቋቸውን የረሱ፣ የመጡበትን ወንዝ ስም የማያውቁ ሰዎች አሮጌ ልብስን ሰፍቶ ለሕፃን የማልበስን ሥራ ከእናት ወደ ልጅ አሳልፈው ዛሬ ድረስ ማድረሳቸው ቀላል ነገር ሆኖ አልታየንም።

አቡጀዲና የጥጥ እርሻ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። የቁራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ በዓለም የታወቀው በዚያ አገር ነው። አሠራሩ ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ ከቁራጭ የተገጣጠመው፣ መካከል ላይ ሙሌቱ፣ ከታች ገበሩ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በስፌት ይያያዛሉ። ይህ የመጨረሻው ስፌት ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ብርድ ልብሱ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠርና ጎረቤት ይጠራል። እንግዲህ ደቦ ማለት ነው፤ ባለቤቷ ታበላለች፣ እንግዶቹ ይሰፋሉ፣ ወሬውም አብሮ ይሰፋል።

ጥጡን ያመረተው ግን ማን ነበር? በ19ኛው መቶ ዘመን የዓለም ፋብሪካዎች ጥጥ በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ ደቡብ፣ ከጥቁር ባሮች ጉልበት ነው። በሰሜኑ ክፍለ ሀገር ፋብሪካዎች የተሸመነው ያልነጣ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች «መሪካኒ» ሲባል፣ ወደ አገራችን የገባው «አቡጀዲ» ተብሎ ነው። አያቶቻችን ለከፈንም ለቀሚስም ሲገዙት የነበረው አቡጀዲ የዚህ ታሪክ ዘመድ ነው።

ከእነዚያ ባሮች አንዷ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቁራጭ ሰፋች፤ አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የመጨረሻው እራት፣ ሁሉም በየሳጥኑ ተከፍሎ። ፎቶግራፉን ያየ ሐበሻ የቤተ ክርስቲያናችንን የግድግዳ ሥዕል ሳያስታውስ አይቀርም። በ1886 በጥጥ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀርቦ አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛት ጠየቀቻት፤ ሃሪየት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ስለጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችው። ከዚያ በኋላም እየተመላለሰች ትጎበኘው ነበር ይባላል፤ ልጇን ለሰው እንደሰጠች እናት። ያ ብርድ ልብስ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው።

በአላባማ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶችም ከአለቀ የሥራ ሱሪ፣ ከጉልበቱ ላይ ቀለሙ ከለቀቀ ጂንስ፣ ከከረጢት ጨርቅ ለብርድ መከላከያ ሰፉ። በ1966 በአካባቢው «የነፃነት የስፌት ደቦ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ ያ ጊዜ ጥቁሮች ድምፅ ለመስጠት በመመዝገባቸው ብቻ ከመሬታቸው የሚባረሩበት ጊዜ ነበር። በ2002 ሥራቸው በታላላቅ ሙዚየሞች ታየ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አተመው። ድሪቶ ቴምብር ሆነ ማለት ነው።

ኖርዌጂያኖችም ሲሰደዱ ነው የተማሩት

ብዙዎቻችን ላፔቴፔ ከጥንት ጀምሮ የኖርዌይ ባሕል ይመስለን ነበር። «ላፕ» እራፊ ነው፤ «ቴፔ» ብርድ ልብስ ነው። ቃል በቃል ብንወስደው ከድሪቶ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የዚህ አገር ገበሬ የድሮ አልጋ ልብስ ሌላ ነው፤ የበግ ቆዳ ለምድ፣ ወይም «ኦክለ» የሚባለው በቤት የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ። ያለቀ ልብስ ደግሞ በረጅሙ እየተቀደደ ምንጣፍ ይሸመንበት ነበር፤ ያ «ፊለሪየ» ነው፤ የእራፊ ምንጣፍ ማለት ነው፤ ዛሬም በየሰው ቤት በተለይ በሂተው ውስጥ ተነጥፎ ይገኛል።

በ1825 ሬስታውራሺዮን የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎች ይዛ ከስታቫንገር ተነሣች፤ ኒው ዮርክ ስትደርስ 53 ነበሩ፤ አንዲት ሕፃን በመንገድ ተወልዳለችና። ከዚያ በኋላ በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ 800,000 የሚጠጉ ኖርዌጂያኖች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ስደተኛ ስንባል ሁልጊዜ እኛ ብቻ የሚመስለን ስለሆነ ይህን ቁጥር ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለናል። እነዚያ ሴቶች ኦክለያቸውን በሣጥን ይዘው ሄዱ፤ እዚያ ግን የሱፍ መሸመኛ ጊዜም ቦታም አልነበረም፤ ባለ አበባ የጥጥ ጨርቅ ደግሞ ርካሽ ነበር። ከጎረቤቶቻቸው አይተው በቁራጭ ጨርቅ መስፋት ተማሩ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር አቁመው ለድኻና ለግንባታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ አደረጉት። በአዮዋ ዲኮራ ከተማ የሚገኘው ቬስተርሃይም የተባለው የኖርዌጂያን አሜሪካውያን ሙዚየም ከዚህ ሥራ በርካታውን ይዟል። የአሜሪካ ሉተራን ሴቶች፣ ብዙዎቹ የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆች፣ ዛሬም እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ሰፍተው በልዩ ልዩ አገር ላሉ ስደተኞች ይልካሉ። እንግዲህ ኖርዌጂያን ሴቶች ይህን ጥበብ በብዛት የያዙት እንደ እኛው ባዕድ አገር ሄደው ነው። በ1971 ኒው ዮርክ በሚገኘው በዊትኒ ሙዚየም አሮጌ ብርድ ልብሶች እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ ፍቅሩ ወደ አውሮፓም ተሻገረ፤ በኖርዌይም የስፌት ክበቦች በየከተማው ተስፋፉ።

የኦስሎን ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ደግሞ አይሆንም። ብዙዎቻችን በአከርሼልቫ ወንዝ ዳር በየቀኑ እናልፋለን። እንግሊዞች የሽመና መሣሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከለከሉበትን ሕግ በ1843 ካነሡ በኋላ ያ ወንዝ የኖርዌይ የጨርቅ ኢንዱስትሪ መነሻ ሆነ። በ1845 በኒዳለን፣ በ1855 ዩላ፣ በ1856 ደግሞ የሸራ ፋብሪካው ተቋቋሙ። ከተማዋ ያን ጊዜ ክርስትያንያ ትባል ነበር፤ ኦስሎ የተባለችው በ1925 ነው። በፋብሪካዎቹ ውስጥ ከነበሩት ሠራተኞች እጅግ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ ደራሲው ኦስካር ብሮተን ስለ እነሱ ጽፏል፤ በባየር ድልድይ ላይም ሐውልት ቆሞላቸዋል። የሸራ ፋብሪካው ሕንፃ ዛሬ የኦስሎ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ነው። በግሩነርሎካ በኩል የምትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩት።

በጀርመን ወረራ ዘመን፣ ከ1940 እስከ 1945፣ ጨርቅ በካርድ ሆነ፤ ሴቶቹ የአባትን ኮት ፈትተው ለልጅ ይሰፉ ጀመር። ያኔ መጣፍ የሁሉም ቤት ሥራ ስለሆነ የሚያፍር አልነበረም። ሰዎች ቀይ ሹራብ ቆብ እየደፉ ተቃውሟቸውን ይገልጡ ስለነበር በየካቲት 1942 ቆቡ እስከ መከልከል ደርሷል። ጨርቅ ፖለቲካ ሲሆን እኛም እናውቀዋለን።

አንድ ሌላ ክር ደግሞ ከዚህ አገር ወደ አገራችን ይመዘዛል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ በኖርዌይ የሚሲዮን የሴቶች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በሊንግዳል የነበሩት ጉስታቫ ሼላን ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። ሴቶቹ ተሰብስበው ይሰፋሉ፣ ሹራብ ይሠራሉ፣ ከዚያ በባዛርና በሎተሪ ይሸጣሉ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1948 በደቡብ ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር፣ ይርጋ ዓለም ሆስፒታል ታካሚ ሲቀበል፣ ከጀርባው የእነዚህ ሴቶች መርፌ ነበረበት። ስለ ሚሲዮን ሥራ ያለን አስተያየት የተለያየ ነው፤ እዚህ አንገባበትም። ነገር ግን በመካከላችን ይርጋ ዓለም ሆስፒታል የተወለዱ አባል አሉ፤ የተወለዱበት አልጋ ምናልባት በአንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት ብርድ ልብስ ሎተሪ የተገዛ ይሆናል ሲሉ ይቀልዳሉ።

የእኛ ብርድ ልብስ

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ክርክሩ በዚያው አልቆመም፤ መርፌ ግን አነሣን። የስፌት ልምድ ያላቸው ሁለት ጎረቤት ኖርዌጂያን ሴቶች በፈቃደኝነት መጥተው አብረውን ተቀመጡ። ከቀላሉ እንድንጀምር መከሩን፤ ዘጠኝ ቁራጭ የሚባለውን ካሬ። 9.5 ሳንቲ ሜትር በ9.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ ቁራጭ ይቆረጣል። ሦስት ሦስቱ ይሰፉና ሦስት ረድፍ ይሆናሉ፤ ረድፎቹ ደግሞ እርስ በርስ ይሰፋሉ። በየጎኑ 0.75 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ስለሚገባ አንዱ ካሬ ከተገጣጠመ በኋላ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጨርቁ አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ ኋላ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ይጨማደዳል። ከየስፌቱ በኋላ ካውያ ይደረጋል። አንዱ ረድፍ ስፌቱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ታጥፎ ከተተኮሰ ማዕዘኑ ልክ ይገጥማል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያወቅነው ብዙ ከፈታን በኋላ ነው።

ሁሉም በየቤቱ እየሰፋ ቅዳሜ ይዞ ይመጣ ነበር። ሲዘረጋ የማን ካሬ እንደሆነ ሳይነገር ይታወቃል፤ አንዷ እንደ መሶብ ስፌት ጥብቅ አድርጋ፣ ሌላዋ ለመጨረስ ቸኩላ፣ አንዲት እናት ደግሞ መኪና አልነካም ብለው ሁሉንም በእጃቸው። ጎረቤቶቻችን ጠማማውን ካሬ አስተካክሉ አላሉም፤ እንዲያውም ከመካከል አስቀመጡት። ስድስት በስምንት ሆኖ 48 ካሬ ተገጣጠመ። የልጆች የትምህርት ቤት ሸሚዝ አለበት፣ የመጋረጃ ትራፊ አለበት፣ በሱዳን በኩል ከመጣ ሰው ቦርሳ የወጣ የትራስ ልብስ አለበት።

ትልቁ ክርክር ግን ነጠላ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ የሚለው ነበር። የጥበቡ ጠርዝ ለብርድ ልብሱ ዙሪያ እንደሚያምር ሁሉም ያውቃል። አንዲት አባላችን ከአገር ስትወጣ እናቷ ትከሻዋ ላይ ያደረጉላትን ነጠላ ይዛ መጣች፤ መቀሱን ባነሣን ጊዜ ግን እጇ ነጠላውን አለቀቀም። አንዳንዶቹ «ሣጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ሁሉም ቢያየው ይሻላል» አሉ። ሌሎቹ «የእናት ነጠላ አይቆረጥም» አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። በመጨረሻ ሳይቆረጥ፣ በሙሉነቱ ታጥፎ፣ በላላ ስፌት በራስጌው በኩል እንዲያያዝ ተስማማን፤ በፈለገችው ቀን ክሩን ስባ ትወስደዋለች። እስከ ዛሬ አልወሰደችውም። ልጇ ግን ወደ ክፍሉ በመጣች ቁጥር ጥበቡን እየነካች የአያቷን ስም ትጠራለች፤ አያቷን በአካል አይታቸው አታውቅም።

በመጀመሪያ የተቃወሙን እናትም አብረውን ሰፍተዋል። ስሙን ግን አልተቀበሉም፤ «ብርድ ልብስ በሉት» ይላሉ። ልጆቹ ላፔቴፔ ይሉታል። እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን ስንሆን ድሪቶ እንለዋለን፤ አሁን ፊታችን አይቋጠርም።

ሁለተኛውን ጀምረናል። ይኼኛው ለሎተሪ የሚወጣ ሲሆን ገቢው ለልጆች የአማርኛ ትምህርት መጻሕፍት መግዣ ይውላል። ንጹሕ ጥጥ የሆነ፣ የታጠበ ቁራጭ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁ ብትመጡ እንቀበላለን፤ ናይሎን ካውያ ስለማይችል አታምጡ። ወንዶችም እንዲመጡ ተጋብዘዋል፤ ሸማኔ ወንድ ነውና ሰበብ የላቸውም። መቀስ እዚህ አለ፤ መርፌና መነጽር ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ።